በብዙ እጅ ያለፉ ሥዕሎች፦ ስለ ኢትዮጵያ የታተሙ ጥንታዊ ሥዕሎች አሰባሰብና አመራመር

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ዓለም ገናንና ሰበታን ካለፈ በኋላ የወጨጫን ተራራ በስተቀኙ ትቶ ወደ በቾ ሜዳ ይወርዳል። ተፍኪ የምትገኘው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። አገሩ ጥቁር አፈር ሲሆን ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል። በክረምት አዋሽና ገባሮቹ ሲሞሉ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፤ ውሃው ሲጎድልም የውሃ ወፎች ይሰፍሩበታል። ከሸዋ ወደ ጊቤ አገሮችና ወደ ከፋ ይወስዱ ከነበሩት የጥንት መንገዶች አንዳንዶቹ በዚህ በላይኛው አዋሽ አገር ያልፉ እንደ ነበረ ከተጓዦች መጻሕፍት ይታወቃል።

የዚህን አገር ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚመለከተው የቃል ትውፊትንና የተጻፈውን ነው። ነገር ግን ቤቱ እንዴት ይሠራ ነበር፣ ሰው ምን ይለብስ ነበር፣ ተራራው ምን ዓይነት ደን ለብሶ ነበር ብሎ ሲጠይቅ ጽሑፍ ብቻውን አይበቃውም። ፎቶግራፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ነው፤ ብዙ የሆነውም ወደ መቶ ዓመቱ መጨረሻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ከዚያ በፊት ለነበረው ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳና ከብራና ሥዕሎች ሌላ የሚገኘው የዓይን ምስክር፣ የውጭ አገር ተጓዦች ነድፈውት በአውሮፓ ከተሞች ተቀርጾ የታተመው ሥዕል ነው። እነዚህ ሥዕሎች ዛሬ በታሪክ መጻሕፍት፣ በሆቴሎች ግድግዳና በቀን መቁጠሪያዎች ላይ ይታያሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ማን እንደ ነደፋቸው፣ ማን እንደ ቀረጻቸው፣ መቼና በየትኛው መጽሐፍ እንደ ወጡ ሳይነገር ነው የሚቀርቡት። እንዲህ ያለ ሥዕል ስሙንና የትውልድ አገሩን ሳይናገር በችሎት እንደሚቆም ምስክር ነው።

የታተመ ሥዕል የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ይህን ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በመዳብ ሲሠራ መስመሩ በስለት ወይም በአሲድ ወደ ውስጥ ይቦረቦራል፤ ቀለሙ በቦረቦሩ ውስጥ ይቀርና ወረቀቱ በመዳቡ ላይ በከባድ መዳመጫ ይጫናል። ስለዚህ የመዳቡ ጠርዝ በወረቀቱ ላይ ረግጦ ይታያል፤ ሥዕሉም ከፊደል ጋር በአንድነት ሊታተም ስለማይችል ለብቻው ቅጠል ይሰጠዋል። በእንጨት ሲሠራ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ተፍቆ መስመሩ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ቀለሙንም የሚቀበለው ይኸው ከፍ ያለው ክፍል ስለሆነ ሥዕሉ ከፊደሉ ጎን ለጎን በአንድ ገጽ ይታተማል። ሦስተኛው መንገድ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በባቫርያ የተገኘው ሊቶግራፍ፣ ማለት በድንጋይ ላይ በቅባታም እርሳስ ስሎ የማተም ጥበብ ነው። ድንጋዩ አይቀረጽም፤ ስለሆነም የሰዓሊው እጅ ከሌሎቹ ይልቅ በዚህ ሳይለወጥ ለመድረስ ዕድል አለው። እንግዲህ ተጓዡ በድንኳኑ ውስጥ በእርሳስ የነደፈው፣ ሌላ ሰዓሊ በለንደን ወይም በፓሪስ አስተካክሎ የሚገለብጠው፣ ቀራጩ የሚቀርጸው፣ አሳታሚውም ከሥሩ ርእስ የሚጽፍለት ከሆነ፣ ተመልካቹ ዘንድ የሚደርሰው አራት ሰዎች የተናገሩበት ቃል ነው። ከአራቱ ኢትዮጵያን ያየው ብዙ ጊዜ አንዱ ብቻ ነው።

ይህን ዓይነቱን ጥናት በሥርዓት ካደራጁት አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። በ1812 በማሳቹሴትስ በዉስተር ከተማ በአታሚው በአይዛያ ቶማስ የተመሠረተው የአሜሪካ ጥንታዊ ነገሮች ማኅበር መጻሕፍትንና ጋዜጦችን ብቻ ሳይሆን የታተሙ ሥዕሎችንም እየሰበሰበ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ከረየርና አይቭስ የሚባለው የኒው ዮርክ ማተሚያ ቤት ከ1834 ጀምሮ እስከ 1907 ድረስ ከሰባት ሺሕ በላይ የተለያዩ ሥዕሎችን በድንጋይ አትሞ ለተራው ሕዝብ በርካሽ ዋጋ ይሸጥ ነበር። በዚያን ጊዜ እንደ ታሪክ ሰነድ የቆጠራቸው ሰው ጥቂት ነው። ሰብሳቢው ሐሪ ፒተርስ ከ1929 እስከ 1931 ባሉት ዓመታት ስለዚህ ቤት ሥራ ሁለት ትልልቅ ጥራዞች ሲያሳትም ግን እነዚህ የወጥ ቤትና የሳሎን ጌጦች ለተመራማሪ የሚገቡ ነገሮች መሆናቸው ታወቀ። በ1975ም የአሜሪካ ታሪካዊ የኅትመት ሥዕሎች ሰብሳቢዎች ማኅበር ተቋቋመ።

ከአሜሪካውያን ጥናት አንድ ምሳሌ መጥቀስ ለኢትዮጵያው ጉዳይ መንገድ ይከፍታል። መጋቢት 5 ቀን 1770 በቦስተን ከተማ የእንግሊዝ ወታደሮች በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኩሰው አምስት ሰዎች ሞቱ። በዚያው ወር አንጥረኛው ፖል ሪቪር በመዳብ የቀረጸው ሥዕል ወጣ። በሥዕሉ ላይ ወታደሮቹ በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ አዛዣቸው ሰይፉን አንሥቶ ሲያዛቸው፣ ባዶ እጁን በቆመ ሕዝብ ላይ ሲተኩሱ ይታያል። ከበስተኋላቸው ባለው ሕንፃ ላይም የሥጋ ቆራጭ አዳራሽ የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። በእውነቱ ግን ነገሩ የሆነው በሌሊት፣ በግርግርና በጩኸት መካከል ነው። ከዚህም በላይ ሥዕሉ የሪቪር የራሱ አልነበረም፤ ሄንሪ ፔልሃም የሚባል ወጣት ሰዓሊ የነደፈውን ገልብጦ ቀድሞት አወጣው፤ ፔልሃምም በዚያው ወር የቅሬታ ደብዳቤ ጻፈለት። ከሞቱት መካከል የአፍሪካና የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ዘር የነበረው ክሪስፐስ አተክስ በሪቪር ሥዕል ላይ ተለይቶ አይታወቅም። ባርነትን የሚቃወሙ ሰዎች ድምፅ ከፍ ባለበት ዘመን፣ በ1856፣ በቦስተን በድንጋይ በታተመ ሌላ ሥዕል ላይ ግን አተክስ በመካከል ቆሞ ይታያል። ሁለቱም ስለ አንድ ሌሊት የተሠሩ ናቸው። የመጀመሪያው ስለ 1770 ፖለቲካ፣ ሁለተኛው ስለ 1856 ፖለቲካ ከሚናገሩት ያነሰ ስለ ሌሊቱ ይናገራሉ፤ ሊቃውንቱም ይህን ያወቁት ሁለቱን ጎን ለጎን ለማስቀመጥ የሚያስችል ስብስብ ስለ ነበራቸው ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ፣ የኅትመት ሥዕል ነገር ከውጭ ተጓዦች በፊት መጀመሩን ማስታወስ ይገባል። በ1590 እና በ1591 በሮማ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት በዐረብኛ የታተመው ወንጌል በአንቶኒዮ ቴምፔስታ ንድፍ በእንጨት የተቀረጹ ከመቶ በላይ ሥዕሎች ነበሩበት። የዚህ መጽሐፍ ቅጂ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ17ኛው መቶ ዓመት ለነበሩ የብራና ሰዓሊዎች አርአያ እንደ ሆናቸው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። በዚያ ዘመን በተጻፉ ሥዕላዊ ወንጌሎች ውስጥ የሮማው እንጨት አቀማመጥ፣ ማን በየት እንደ ቆመና ማን እጁን ወዴት እንደ ዘረጋ ሳይቀር፣ ይታወቃል። ነገር ግን የኢጣልያው ጥላና የርቀት ስሌት ቀርቶ፣ በጥቁር መስመር ብቻ የመጣው ሥዕል ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ለብሶ፣ ዓይኖቹ ተከፍተው፣ ፍጹም የአገር ልጅ ሆኗል። ኢትዮጵያዊው ሰዓሊ ሮማን ሳያይ የሮማን ሥዕል ገለበጠ፤ የአውሮፓው ቀራጭም ኢትዮጵያን ሳያይ የኢትዮጵያን ሥዕል ቀረጸ። ልዩነቱ የመጀመሪያው የዓይን ምስክር ነኝ ብሎ አለማቅረቡ ነው።

ስለ ኢትዮጵያ ከታተሙት የሰው መልኮች መካከል ቀደም ካሉትና ከከበሩት አንዱ የአባ ጎርጎርዮስ መልክ ነው። አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ሄደው ለሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ቋንቋና ታሪክ ያስተማሩ ሊቅ ናቸው፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰምጦ ሞቱ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681 ካሳተመ በኋላ መልካቸው ተቀርጾ ከሥራው ጋር ወጣ። ሰውየው በአካል በጎታ የታዩ ስለ ነበሩ ይህ መልክ በርኅቀት ከተሠሩት የነገሥታት መልኮች ይልቅ ሊታመን የሚገባው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ትልቁ ስብስብ የስኮትላንዱ ተወላጅ የጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ያደረገውን ጉዞ በ1790 በኤድንብራ በአምስት ጥራዝ አሳተመ። በአምስተኛው ጥራዝ የዕፀዋትና የእንስሳት ሥዕሎች አሉበት፤ ከነዚህም ውስጥ እንሰት፣ ቁልቋል፣ ቀንጠፋ፣ ዋንዛ፣ ኮሶና ጤፍ ይገኛሉ። ብሩስ ንድፎቹን የራሱ እጅ ሥራ አስመስሎ ቢያቀርብም አብዛኞቹን የሠራው አብሮት የተጓዘው የቦሎኛው ተወላጅ ልዊጂ ባሉጋኒ ነው። ባሉጋኒ በጎንደር ሞቶ ቀረ፤ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ በኤድንብራ መጽሐፉ ሲወጣ ለሥራው ምስጋና የሚቀበልለት ሰው አልነበረም። ነገሩ የታወቀው ዋነኞቹ ንድፎች ራሳቸው ስለ ተጠበቁ ነው። ንድፎቹ ዛሬ በአሜሪካ በኒው ሄቨን ከተማ በዬል ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝ ሥነ ጥበብ ማእከል ይገኛሉ፤ የዕፀዋቱም ክፍል በ1991 በመጽሐፍ ተዘርዝሮ ታትሟል። በመዳቡ ኅትመትና በውሃ ቀለሙ ንድፍ መካከል ያለውን ልዩነት ማመሳከር የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ለተፍኪና ለበቾ አገር ታሪክም ይህች የጤፍ ቅጠል ከብዙ የቤተ መንግሥት ትዕይንት ትበልጣለች ቢባል ስሕተት አይሆንም። ምክንያቱም ሰዓሊው ሣሩን ከፊቱ አስቀምጦ ነድፎታል፤ ቀራጩም እንዲያምር ብሎ የሚጨምርበት ነገር የለውም፤ ጤፉም እስከ ዛሬ በማሳው ላይ ስላለ ሥዕሉን ከእህሉ ጋር ማስተያየት ይቻላል።

በብሩስ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የአክሱም ሐውልት ሥዕል ግን እንዲህ አይደለም። በ1805 አክሱም የደረሰው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የሥዕል ትምህርት የተማረ ሰው ስለ ነበረ ቆሞ ያለውን ታላቁን ሐውልት፣ መስኮቶቹንና የድንጋይ በሩን ቆጥሮ ነደፈና የብሩስን ሥዕል ስሕተት ገለጠ። ሶልት በ1809 ያሳተማቸው ሃያ አራት ትልልቅ ሥዕሎች ከሕንድ፣ ከግብፅና ከሌሎች አገሮች ጋር ኢትዮጵያንም የያዙ ናቸው። እነዚህን በጥሩ ሁኔታ ማግኘት ዛሬ ውድ ነገር ሆኗል። ዋጋቸው ግን በውበታቸው ብቻ አይደለም፤ ተመልካቹ ራሱ ሰዓሊ በመሆኑ በዓይኑና በመዳቡ መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው።

ለሸዋ አገር ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው የዮሐን ማርቲን በርናትስ ሥራ ነው። በርናትስ በ1802 በሽፓየር የተወለደ ጀርመናዊ የመልክዓ ምድር ሰዓሊ ሲሆን፣ ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ ከሕንድ መንግሥት ተልኮ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በመጣበት በ1841 መልእክት ውስጥ በሰዓሊነት ተመድቦ ነበረ። መልእክተኞቹ በኅዳር ወር 1841 ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራርመው እስከ 1843 መጀመሪያ በሸዋ ቆዩ። በርናትስ በ1852 ያሳተመው ሥራ በሁለት ክፍል የተከፈለ ነው፤ አንዱ የአፋርን ቆላ፣ ሌላው የሸዋን ደጋ ያሳያል። ሥዕሎቹ በድንጋይ የታተሙ ሲሆኑ ለየሥዕሉ ማብራሪያ ተጽፎለታል። የተራሮቹ ቅርጽ፣ የሰማዩ ደመና፣ የቤቱ ክዳንና የሰዎቹ አለባበስ በጥንቃቄ የተያዙ ስለ ሆኑ፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው የቆመበትን ስፍራ እስከ መገመት ይደርሳል።

ይሁን እንጂ በዚህ ስፍራ ላይ ተማሪው ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። ሐሪስ ከሣህለ ሥላሴ ሠራዊት ጋር ሆኖ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ በተደረገ ዘመቻ ተጉዞ እስከ ፍንፍኔ ሸለቆ ደርሷል። መንደር ሲቃጠል፣ ከብት ሲነዳና ሰው ሲገደል ያየውንም በ1844 ባሳተመው መጽሐፍ ዘርዝሮ ጽፏል። የተጠቁት በእንጦጦና በወጨጫ ዙሪያ የሚኖሩ የኦሮሞ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ከተፍኪ ወይም ከሰበታ የተነሣ ተመራማሪ ከ180 ዓመት በፊት የነበሩ አያቶቹን መልክ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሲፈልግ፣ የሚያገኘው በንጉሡ እንግድነት ከሠራዊቱ ጋር ተሰልፎ በመጣ ሰው ዓይን የታየውን ነው። ከማሳው ማዶ የቆመው ገበሬ ሠራዊቱን እንዴት እንዳየው የሚያሳይ ሥዕል አልታተመም። ይህ በርናትስን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ እጁም የሠለጠነ፣ ዓይኑም የተጠነቀቀ ነው። ነገር ግን ሰዓሊው የት ቆሞ ነበር፣ የማንን እንጀራ ይበላ ነበር፣ ማንስ ይጠብቀው ነበር የሚለው ጥያቄ ስለ ቀለሙና ስለ ወረቀቱ ከሚነሣው ጥያቄ ጋር አብሮ ሊነሣ ይገባል። ሥዕሉ ከመጽሐፉ ተቆርጦ ለብቻው በመስታወት ሲሰቀል የሚጠፋው ይኸው ነው። ማብራሪያው ሲለየው ዘመቻው ይረሳል፤ የሚቀረው ያማረ ተራራ ብቻ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ላይ ሲደረስ የሥዕሎቹ ቁጥር በድንገት ይበዛል። የለንደኑ ሥዕላዊ ጋዜጣ ከ1842 ጀምሮ፣ የፓሪሱ ሊሉስትራሲዮን ከ1843 ጀምሮ፣ ስለ ጉዞ የሚጽፈው ለ ቱር ዱ ሞንድ ከ1860 ጀምሮ፣ የኒው ዮርኩ ሐርፐርስ ዊክሊ ከ1857 ጀምሮ ይወጡ ነበር። የእንግሊዝ ጦር በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት የለንደኑ ጋዜጣ ሰዓሊውን ዊልያም ሲምፕሰንን ላከ፤ የኒው ዮርክ ሄራልድ ደግሞ ሄንሪ ሞርተን ስታንሊን ላከ፤ ስታንሊም የመቅደላን መውደቅ ወሬ ከመንግሥቱ መልእክተኞች ቀድሞ አደረሰ። በ1874ም ስለ ዘመቻው መጽሐፍ አሳተመ። የዘመቻው ሥዕሎች በሐርፐርስ ዊክሊ ስለ ወጡ አሜሪካዊው አንባቢ በዚያው ዓመት የኢትዮጵያን ተራሮች በእንጨት ተቀርጸው ለማየት ቻለ።

የነዚህ ጋዜጦች አሠራር ለተመራማሪ ብዙ ይነግረዋል። ለሥዕሉ የሚሆነው ጠንካራ እንጨት ትልቅ ሆኖ ስለማይገኝ ትንንሽ ቁራጮች በብሎን ተያይዘው አንድ ገበታ ይሆናሉ። ሥዕሉ በላዩ ከተነደፈ በኋላ ገበታው ይፈታና ለየቀራጩ አንድ አንድ ቁራጭ ይሰጠዋል፤ በዚህ መንገድ ብዙ ቀን የሚፈጀው ሥራ በአንድ ሌሊት ያልቃል። ሲገጣጠም አንዳንድ ጊዜ በመጋጠሚያው ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ይቀራል። እንግዲህ የአንድ የመቅደላ ትዕይንት ሰማዩን አንድ ሰው፣ ገደሉን ሌላ፣ ወታደሩን ሦስተኛ ሰው ቀርጾት ይሆናል። ከገበታው በብረት የተወሰደው ግልባጭም ለሌላ አገር ጋዜጣ ይሸጥ ስለ ነበረ፣ ያው ሥዕል በሌላ ከተማ በሌላ ቋንቋና በሌላ ርእስ ተመልሶ ይወጣል። ሁለት ጋዜጦች አንድ ነገር አሳዩ ማለት ሁለት ምስክሮች ተስማሙ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

የዐፄ ቴዎድሮስ መልክ ለዚህ ዋና ማስረጃ ነው። በዘመናቸው የታተሙት መልኮች እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም፤ በአንዱ ወፍራም፣ በሌላው ቀጭን፣ በአንዱ ሹሩባ የተሠሩ፣ በሌላው ጸጉራቸው የተበተነ ሆነው ይታያሉ። የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው ጊዮም ሌዣን ንጉሠ ነገሥቱን በአካል ያየ ሰው ነው። ከጉዞው ታሪክ ጋር የወጣው ንጉሠ ነገሥቱ በአንበሶች ተከበው ተቀምጠው የሚያሳየው ሥዕል ግን በፓሪስ የተቀረጸ ነው። አንበሶች ማልመዳቸው እውነት ነው፤ የሥዕሉ ግርማ ግን የፓሪሱ አዳራሽ ነው። ይህ ሥዕል በኢትዮጵያ ውስጥ እጅግ ተወድዶ ከታወቁት የቴዎድሮስ ምስሎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ከዚህ በተቃራኒ የእንግሊዝ ሙዚየም ሰው የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት (በአውሮፓ አቆጣጠር ሚያዝያ 13 ቀን 1868) የሞቱትን ንጉሠ ነገሥት ፊት እዚያው በመቅደላ ነድፏል። ያ ንድፍ ግርማ የለውም፤ ነገር ግን በሰዓሊውና በሰውየው መካከል ማንም አልቆመም። ይኸው ሆልምስ ኵርዓተ ርእሱ የሚባለውን ሥዕለ አድኅኖ ከመቅደላ ወስዶ ለራሱ እንዳስቀረው ሲታሰብ፣ ታማኝ ንድፍ የነደፈው እጅ ሌላም ነገር እንደ ሠራ አይዘነጋም።

ስለ መሰብሰብ ደግሞ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ነጋዴዎች ሙሉ መጽሐፍ ከመሸጥ ይልቅ ሥዕሎቹን ገንጥለው አንድ በአንድ መሸጥ የበለጠ ትርፍ ስለሚሰጣቸው ብዙ የጉዞ መጻሕፍት እንዲህ ፈርሰዋል። በጥቁር የታተመውን የጋዜጣ ሥዕል ቀለም ቀብተው በውድ ይሸጡታል፤ የለንደኑ ጋዜጣ የ1868 ሥዕሎች ግን ሲወጡ ጥቁርና ነጭ ስለ ነበሩ፣ በላያቸው የሚታየው አረንጓዴና ቀይ የኋላ ሰው ሥራ ነው። ሰብሳቢ የሥዕሉን ጀርባ አይቶ መግዛት አለበት። ከጋዜጣ የተቆረጠ እንደ ሆነ በጀርባው ያለው ፊደል ቀኑንና ቁጥሩን ለማወቅ ይረዳል፤ ከመጽሐፍ እንደ ሆነ ከጫፉ ላይ ያለው የጥራዝና የገጽ ቁጥር ቦታውን ይናገራል። ብዙ ሰው ለመስታወቱ እንዲስማማ ብሎ የሚከረክመው ይህንኑ ጫፍ ነው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሲያነሡት የሚታየው የፋብሪካው ምልክትና ዓመትም፣ ካለ፣ ሥዕሉ ከዚያ ዓመት በፊት አለመታተሙን ያረጋግጣል።

በኢትዮጵያ በኩል ለዚህ ጥናት መሠረት የጣሉት በተለይ በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዲሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። ፕሮፌሰር ፓንክረስት ከሌይላ ኢንግራምስ ጋር በ1988 ባሳተሙት ዝርዝር ከ1681 እስከ 1900 ድረስ በውጭ አገር ተጓዦች መጻሕፍት የወጡትን ቅርጾች በየርእሱ አሰባስበው አቅርበዋል። የመጽሐፉ ጥቅም ሥዕሉን ከምንጩ ጋር ማያያዙ ነው። የተቋሙ ቤተ መጻሕፍትም የጥንቶቹን የጉዞ መጻሕፍት በጥራዛቸው ስለ ጠበቃቸው፣ ተማሪው ዝርዝሩን ይዞ ወደ ዋናው ገጽ ለመሄድ ይችላል።

ከ1870ዎቹ በኋላ የላይኛው አዋሽ አገር በጉዞ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግሞ መታየት ይጀምራል። ብፁዕ ጉሊየልሞ ማሳያ በሸዋ ከኖሩ በኋላ ከ1885 ጀምሮ የታተመው ባለ ዐሥራ ሁለት ጥራዝ መጽሐፋቸው፣ የአንቶኒዮ ቼኪ ከዘይላ እስከ ከፋ ድንበር ያደረገው የጉዞ ታሪክ፣ የፈረንሣዊው የዡል ቦረሊ መጽሐፍ ሁሉም ሥዕል አላቸው። ቦረሊ ከእንጦጦ ተነሥቶ አዋሽን ተሻግሮ እስከ ጅማ ሄዷል። (ባለቅኔው አርቱር ራምቦ በ1887 ከእንጦጦ ወደ ሐረር የተመለሰው ከዚሁ ሰው ጋር ነው።) በ1890 ያሳተመው መጽሐፍ በርእሱ ላይ የአማራ፣ የኦሮሞና የሲዳማ አገሮች ብሎ መጻፉ ልብ ሊባል ይገባል፤ በዘመኑ የነበሩ ብዙ ጸሐፊዎች ሕዝቡ ራሱን በሚጠራበት ስም ኦሮሞ ብለው አልጻፉም። በዚህን ጊዜ የነገሩ አሠራር ተለውጧል፤ ተጓዡ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ ቀራጩም ፎቶግራፉን አይቶ ይቀርጻል። ብርሃኑና ጥላው ከመነጽሩ የመጣ ነው፤ ይሁንና ቀራጩ ያልገባውን ነገር በራሱ አሳብ ይሞላዋል፤ በተለይ በሩቅ ያለውን ዛፍና የሣር ክዳን።

ስለ ዛፍ መናገር ለዘመን አቆጣጠር ይጠቅማል። ባሕር ዛፍ ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ ነው። ስለዚህ ቼኪና ቦረሊ ያዩት የእንጦጦና የወጨጫ አካባቢ ባሕር ዛፍ የሌለበት አገር ነበረ። በወጨጫ ግርጌ ያለው የሱባ ደን፣ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር ተተከለ የሚባልለት የጽድ ደን፣ ያን ጊዜ የአገሩ ዋና ጥላ ነው። የ1870ዎቹ ነው ተብሎ በሚቀርብ የሸዋ ሥዕል ላይ ረጅምና ቀጥ ያሉ የባሕር ዛፍ ረድፎች ከታዩ፣ ወይ ዘመኑ ተሳስቷል፣ ወይ ቀራጩ ከሌላ ሥዕል ጨምሮበታል። ጥያቄው ለቤትም ይሠራል። የቆርቆሮ ክዳን የታየበት መንደር፣ ከሥሩ የተጻፈው ዓመት ምንም ቢሆን፣ በርናትስ ካየው ሸዋ ሊሆን አይችልም።

በመቶ ዓመቱ መጨረሻ ፎቶግራፍን በቀጥታ በነጠብጣብ ወደ ማተሚያ የማሻገር ዘዴ ስለ ተስፋፋ የእንጨት ቀራጮች ሥራ ፈትተው ተበተኑ። ታኅሣሥ 1903 የአሜሪካ መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ፤ በ1906ም የጉዞውን መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ምስሎች ፎቶግራፎች ናቸው፤ በአንሺውና በአታሚው መካከል የቆመ ቀራጭ የለም።